ስፕሊት እንዳሻው ሲቆርጥ፦ ጥያቄና መልስ

ስትሪንግን (በፕሮግራም ውስጥ ያለ ጽሑፍን) በሬጀክስ፣ ማለትም የሚፈለገውን ጽሑፍ በምልክቶች በሚገልጽ ቀመር፣ ስለመቁረጥ የቸገራችሁን ጠይቁ። ቆራጩ ስፕሊት የሚባለው ትእዛዝ ነው። ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ካልጠራችሁ በጃቫ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ "10.20.30"ን በ"." ስፕሊት ሳደርገው ባዶ አሬይ (የቁራጮች ዝርዝር) ይመጣል። ኤረር እንኳን የለም። ምን ነክቶት ነው?

መልስ፦ ምንም አልነካውም፤ ያልከውን ነው ያደረገው። የጃቫ ስፕሊት የሚቀበለው ሬጀክስ ነው። በሬጀክስ ደግሞ ነጥብ ማለት፣ ከአዲስ መስመር ምልክት በቀር፣ "ማንኛውም ፊደል" ነው። ስለዚህ 1ም 0ም ነጥቡም ሁሉም መቁረጫ ሆኑ። የተረፉት 9 ባዶ ስትሪንጎች ናቸው። ጃቫ መጨረሻ ላይ የተሰለፉ ባዶዎችን ይጥላል፤ እዚህ ሁሉም ባዶ ስለሆኑ ሁሉም ተጣሉ። "\\." ብለህ ጻፈው።

ጥያቄ፦ አንድ ባክስላሽ (\) ለምን አይበቃም?

መልስ፦ አንባቢዎቹ ሁለት ስለሆኑ ነው። መጀመሪያ ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚተረጉመው) ያነባል፣ ቀጥሎ ሬጀክሱ። "\." ብቻ ከጻፍሽ ኮምፓይለሩ ራሱ አያሳልፍሽም። "\\." ስትዪ አንዷን ባክስላሽ ይበላና \. የምትለዋን ለሬጀክሱ ያቀብላል። ባክስላሽ ራሷ መቁረጫ ከሆነችማ "\\\\" ነው፤ አራት! ለዓይን ያስጠላል። እኔ ለነጥብ "[.]" ይሻለኛል፤ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ነጥብ ያው ነጥብ ነው። ^ን ግን ቅንፉ መጀመሪያ ላይ እንዳታስገቢ፤ "ከእነዚህ ውጭ" ወደሚል ይለወጥብሻል።

ጥያቄ፦ "3|5|8"ን በ"|" ብቆርጠው አንድ በአንድ ተበታተነ፤ "|" ራሱም አሬዩ ውስጥ ገባ።

መልስ፦ "|" በሬጀክስ "ወይም" ነው። ግራውም ቀኙም ባዶ ስለሆነ "ባዶ ወይም ባዶ" ብለኸዋል። ባዶ ደግሞ በየፊደሉ መሃል አለ። "\\|" በለው።

ጥያቄ፦ መቁረጫውን የሚመርጠው ተጠቃሚው ቢሆንስ?

መልስ፦ በእጅህ ኢስኬፕ ለማድረግ (ልዩ ትርጉም ያላቸውን ምልክቶች ተራ ለማድረግ) አትድከም። ፓተርን (Pattern) የሚባለው ክላስ ውስጥ ኮት (quote) የሚል ሜተድ አለ፤ የሰጠኸውን ሁሉ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስነብበዋል። አለበለዚያ አንዱ "*" ያስገባ ዕለት ኤክሴፕሽን (ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የሚነሳ ስህተት) ይጠብቅሃል።

ጥያቄ፦ ፓይተን ላይስ?

መልስ፦ የስትሪንጉ የራሱ ስፕሊት ከሬጀክስ ጋር አይተዋወቅም፤ ነጥብን እንደ ነጥብ ይወስዳል። የሪ (re) ሞጁል፣ ማለትም የፓይተን የሬጀክስ ክፍል፣ ስፕሊት ከሆነ ግን ጣጣው ያው ነው፤ እዚያው ሞጁል ውስጥ ያለው ኢስኬፕ ይገላግልሃል። ጃቫስክሪፕትም በጥቅስ የሰጠኸውን እንዳለ ይወስዳል፤ በሁለት / መሃል ከጻፍከው ሬጀክስ ይሆናል።

ጥያቄ፦ "7,8,,"ን በኮማ ስቆርጥ 2 ብቻ ይመጣል። ኮማም ኢስኬፕ ይፈልጋል እንዴ?

መልስ፦ አይፈልግም። ከላይ ያልኳቸው ባዶዎች ናቸው የተጣሉት። ከኮማው ቀጥሎ ለስፕሊት -1 ጨምሪለት፤ 4ቱም ይመጣሉ።