ለእግር መንገድ አፈር መፈተሽ ሙያ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ በሲቪል ምህንድስና ከተመረቅሁ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሁለት ሥራ ቀርቦልኛል። አንዱ በመንገድ ሥራ ተቋራጭ የአፈር ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ ደመወዙ የተሻለ ነው። ሌላው በአንድ መናፈሻ ውስጥ ለእግረኞችና ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች የሚሠራውን የአፈር መንገድ በኖራና በሲሚንቶ አጠናክሮ መፈተሽ ሲሆን፣ ኮንትራቱ ከጥቅምት ጀምሮ ለስምንት ወር ነው። ቤተሰቦቼ «ለእግር መንገድ አፈር መፈተሽ ሙያ ነው ወይ?» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሙያ ነው፤ ያውም የሚያስፈልገን ሙያ። ነገር ግን ኮንትራትሽን በጣትሽ ቁጠሪው። ከጥቅምት ስምንት ወር ግንቦት ላይ ያልቃል። ዝናቡ የሚገባው ሰኔ ነው።

ይህ ለምን እንዳሳሰበኝ ልንገርሽ። አማካሪ ከመሆኔ በፊት ስድስት ዓመት በአፈር ቤተ ሙከራ ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ በመረሬ አፈር ላይ ኖራ ተደባልቆ የተሠራ የግቢ መሄጃ ፈተሽኩ። ናሙናው አራት ቀን ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲወጣ የሲ ቢ አር (የአፈርን የመሸከም አቅም የሚለካ ፈተና) ውጤቱ በጣም ጥሩ ነበር፤ ፈርሜ ሰጠሁ። ነሐሴ ላይ ስመለስ የመንገዱ ገጽ ሁለት ጣት ያህል ወደ ጭቃ ተለውጧል። አንዲት እናት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው የፊተኛው ትንሽ ጎማ ሰጥሞባቸዋል፤ ልጃቸው ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ እየጎተተ ይመልሳቸው ነበር። ከሥር ያለው አፈር እንደተባለው ጠንካራ ነው። ሲ ቢ አር የሚነግረን ግን አፈሩ የመኪና ክብደት የመሸከም አቅሙን ነው። የእግር መንገድን የሚያበላሸው ደግሞ ገጹን የሚያጥበው ጎርፍ፣ የሚፍቀው ጫማና እዚያው ቆሞ የሚዞር ትንሽ ጎማ ነው። እኔ ያንን አልለካሁም ነበር።

በተቋራጩ ቤት የምትማሪው ቀላል አይደለም። ወንፊቱ፣ የእርጥበት ወሰኖቹ፣ ፕሮክተር በሚባለው የቤተ ሙከራ መዶሻ አፈሩን መጠቅጠቁ እጅሽን ያፈታሉ። ቤተሰብ የሚተዳደረው በአንቺ ደመወዝ ከሆነ ያንን ያዢ፤ አልወቅስሽም። በመናፈሻው የምታገኚው ግን ሌላ ነው። ለምሳሌ የማርጠብና የማድረቅ ፈተና አለ፤ የሲሚንቶ አፈሩ ናሙና አምስት ሰዓት ውኃ ውስጥ፣ አርባ ሁለት ሰዓት ደግሞ በ71 ዲግሪ ሴልሸስ ምድጃ ውስጥ ይቆይና በሽቦ ብሩሽ ይፈተጋል፤ ይህ 12 ጊዜ ይደጋገምና የረገፈው ይሰላል። ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው፤ የመንገዱን ዕድሜ ለመገመት ግን ይህን የመሰለ የለም። በአሜሪካ ደግሞ የተሽከርካሪ ወንበር ትንሽ ጎማ የተገጠመለት መሣሪያ አለ። ጎማው በታወቀ ኃይል መሬቱን ይጫንና የሰጠመው ይለካል፤ ከዚያ ግራና ቀኝ ይሽከረከርና እንደገና ይለካል። የመጀመሪያው የገጹን ጥንካሬ፣ ሁለተኛው አለመናዱን ይነግራል። መሣሪያው ባይኖርሽም እንኳ ከአሮጌ ወንበር ጎማ ፈትተሽ፣ የታወቀ ክብደት ጭነሽበት፣ በማስመሪያ የምታነቢው ልኬት አንዱን ድብልቅ ከሌላው ለማወዳደር ያገለግልሻል።

ድብልቁን በተመለከተ፣ ጭቃነት የሚበዛበት አፈር ኖራን፣ አሸዋና ጠጠር ያለበት ሲሚንቶን ይወድዳል። የኖራውን መጠን በግምት አትወስኚ፤ የአፈር፣ የኖራና የውኃው ድብልቅ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) 12.4 ገደማ እስኪደርስ እየጨመርሽ ፈትሺ። ኖራ በሰዓታት ውስጥ የአፈሩን ማጣበቅ ይቀንሳል፤ ጥንካሬው ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ገጹ እንዳይደርቅ ሠራተኞቹን ተቆጣጠሪ። ዓይንሽን በመነጽር ሸፍኚ፤ ኖራ ዓይን ያጠፋል።

አሠሪዎቹ ዘንድ ሂጂና ኮንትራቱ እስከ መስከረም መጨረሻ እንዲራዘም ጠይቂ። የሙሉ ጊዜ ደመወዝ አንችልም ካሉ፣ ከሰኔ ጀምሮ በወር ሁለት ቀን ብቻ እንዲከፍሉሽ ሐሳብ አቅርቢ። በእነዚያ ቀናት በየድብልቁ ላይ ምልክት ባደረግሽበት ቦታ ቆመሽ ትለኪያለሽ፣ ፎቶግራፍ ታነሺያለሽ፣ የመሬቱን ተዳፋትና ውኃው የሄደበትን ትመዘግቢያለሽ። ከተስማሙ ፈርሚ። ክረምቱን ጨርሶ ከከለከሉሽ ግን የተቋራጩን ሥራ ውሰጂ፤ ያንን መዝገብ ሳትይዢ ከመናፈሻው ብትወጪ ለሚቀጥለው ቀጣሪ የምታሳዪው የበጋ ቁጥር ብቻ ነው።