«ራን» እና እግር የሌላቸው ሯጮች

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች «ራን» (run፣ መሮጥ) የምትባል አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ስለሚያመላልሱ በአንድነት እመልሳቸዋለሁ።

አንድ አስጎብኚ፦ በፋሲለደስ መዋኛ አንዲት የውጭ አገር ጎብኚ ስፍራውን ማን «ራን» እንደሚያደርገው ብትጠይቃቸው፣ «እዚህ የሚሮጥ የለም፤ በጥምቀት ግን ወጣቶች ዘለው ውኃው ውስጥ ይገባሉ» ብለው መለሱ። እንግዳዋ ለምን እንደሳቀች ይጠይቃሉ።

ስለ ጥምቀቱ እውነት ተናግረዋል፤ የተጠየቁት ግን የስፍራውን አስተዳዳሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመው ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በፍቺ ብዛት ቀዳሚው «ሴት» የተባለው ግሥ ነበር (ከእኛዋ ሴት ጋር ዝምድና የለውም)፤ 430 ፍቺ ተቈጥሮለታል። አዘጋጆቹ መዝገቡን ሲከልሱ ግን «ራን» በግሥነቱ ብቻ 645 ፍቺ ይዞ ቀደመው። በእንግሊዝኛ ውኃው፣ ሰዓቱ፣ አውቶቡሱ፣ የምርጫ ዕጩውና የታጠበ ልብስ ቀለም ሳይቀር «ይሮጣሉ»፤ በእኛ ዘንድ ግን ከቀሃ ወንዝ ወደ መዋኛው የሚመጣው ውኃ ይፈሳል፣ ሰዓቱ ይሠራል፣ አውቶቡሱ ይመላለሳል፣ ዕጩው ይወዳደራል፣ ቀለሙም ይለቃል። ስለዚህ «ራን ማለት መሮጥ» ብሎ በደብተር አስፍሮ መሸምደድ፣ ይህን ልማድ ዘወትር የምነቅፈው ነውና ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ከንቱ ድካም ነው። ባለቤቱንና ተሳቢውን ይመልከቱ፤ ተሳቢው ድርጅት ወይም ስፍራ ከሆነ ነገሩ ማስተዳደር ነው። በፈረንጆቹ ከመገረማችን በፊት ደግሞ የራሳችንን «ያዘ» እናስብ፦ ጉንፋን ይይዘናል፣ ቀጠሮ እንይዛለን፣ ቂም እንይዛለን፣ ስልክ ይያዛል፣ ምጣዱም በጎመን ዘር በደንብ ካልታሰሰ እንጀራው ይይዛል።

አንድ አባት፦ ልጃቸው ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም «ራን አደረግሁ» ይላል፤ እያታለላቸው ነው?

አይደለም፤ ሥራ አስጀመረው ማለት ነው።

አንዲት እናት፦ ውጭ አገር ያለች ልጃቸው የዘጠኝ ወር ሕፃኗ «ዘ ራንስ» እንዳለበት ብትጽፍላቸው፣ ሮጠልኝ ብለው እልል አሉ።

እናቴ፣ እልልታውን ያቆዩት፤ ሕፃኑ ተቅማጥ ይዞታል። በዚህ ዕድሜ ተቅማጥ የሰውነትን ውኃ ፈጥኖ ስለሚያሟጥጥ ዛሬውኑ ደውለው ሐኪም እንድታሳየው ይንገሯት፤ ነገ አይበሉ።

አንድ ተማሪ፦ የአሁኑና ያለፈው ጊዜ ሁለቱም «ራን» ናቸው?

በፊደላችን ስንጽፋቸው ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ ያለፈው ሲነገር አፍ ሰፋ ይላል። ቀሪውን መምህርህን ጠይቅ።