ቆርቆሮው ስር የጠፋው ኔትወርክ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከጣና ዳር ናቸው፣ የሚያወሩትም ስለ አንድ ነገር ነው፦ የኢንተርኔት ገመድ በማይደርስበት ቤት በሲም ካርድ ብቻ እንዴት እንጠቀም? ሦስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ዘጌ ነኝ፣ ቤታችን ከአፋፍ ትንሽ ወጣ ብሎ ቡናው ውስጥ ነው። ባህር ዳር ስሰራ ቆይቼ እናቴ ስለታመመች ተመልሼ መጣሁ፣ ስራዬን ግን አልተውኩም፣ ለሁለት ድርጅት ሂሳብ በኦንላይን እሰራለሁ በሳምንት ሁለቴም የቪዲዮ ስብሰባ አለኝ። መጀመሪያ በስልኬ ሆትስፖት ነበር፣ ከዛ ሲም የሚቀበል ራውተር ገዛሁ፣ ባለሱቁ እስከ 150 ሜጋ ይስባል ብሎኝ። ቤት ውስጥ ሁለት ባር ነው ሚያሳየኝ፣ ደጅ ሳወጣው ሦስትም አራትም ይሆናል፣ ግን አንዳንዴ አራት ባር እያለም ምንም አይከፍትም። ዝናብ ሲመጣማ ጭራሽ ይጠፋል። ፓኬጁን ላሳድገው ወይስ ራውተሩን ልቀይር? ብሬ ሳያልቅ ምከሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። እባክሽ ለጊዜው ምንም አትግዢ፣ ፓኬጁንም አታሳድጊ፣ ምክንያቱም ፓኬጅ ጊጋ ነው ሚጨምርልሽ እንጂ የሲግናሉን ጉልበት አይጨምርም። የራውተሩ ካርቶን ላይ ያለው 150 ሜጋም ማሽኑ የሚችለው ጣሪያ ነው፣ ዘጌ ላይ ይደርስሻል ማለት አይደለም።

ደብዳቤሽን ሳነበው ሁለት የተለያየ ችግር ነው የታየኝ። አንዱ ሲግናሉ ቤትሽ በደንብ አለመድረሱ ነው፣ ሌላው ደርሶም ታወሩ በሰው መጨናነቁ። የመጀመሪያውን በገዛ እጅሽ ታስተካክይዋለሽ፣ ሁለተኛውን ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያስተካክለው ሰው የለም፣ ሰዓት መምረጥ ብቻ ነው መፍትሄው። ሰዉ ገንዘቡን የሚጨርሰው እነዚህን ሁለቱን ሳይለይ ነው።

ለመለየት ባሩን ተይው። ባር እያንዳንዱ አምራች እንደፈለገ የሚስለው ስዕል ነው። ራውተሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.8.1 ወይም 192.168.1.1 ነው፣ ብሮውዘር ላይ ጻፊና ግቢ፣ ውስጡ አርኤስአርፒ (RSRP) የሚል፣ የሲግናሉን ጉልበት የሚያሳይ ቁጥር ታገኛለሽ። ስልክ ላይም ስለ ስልኩ በሚለው ሴቲንግ ውስጥ የሲም ሁኔታ ስትከፍቺ ይሄንኑ በዲቢኤም (dBm) ያሳይሻል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል፦ −85 አካባቢ ጥሩ ነው፣ −100 ላይ ይሰራል ግን ያስቸግራል፣ ከ−110 ካለፈ ስብሰባ አታስቢ። ቁጥሩ በሦስት (ሦስት ዲሲቤል ይባላል) ሲወርድ ጉልበቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ትንሽ የምትመስል ለውጥ አትናቂ። ከዛ ፍጥነቱን ሁለቴ ለኪ፣ አንዴ ከለሊቱ 11 ሰዓት አንዴ ማታ ከ1 እስከ 4 ባለው ጊዜ። ለሊት ፈጥኖ ማታ ከሞተ ችግሩ ታወሩ መጨናነቁ ነው፣ ለሊትም ማታም እኩል ከተንቀራፈፈ ደግሞ ሲግናሉ ነው።

አራት ባር እያለ አለመክፈቱም ሊገርምሽ አይገባም። ታወሩ በብዙ ዋት ነው ሚጮኸው፣ ያንቺ ራውተር ግን የሚመልሰው ከፍ ቢል በ200 ሚሊ ዋት ነው። አንቺ ታወሩን ትሰሚዋለሽ እሱ ግን አንቺን አይሰማሽም። የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ያንቺ ፊት ቀድሞ የሚቆራረጠውም ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው፣ የምትልኪው ነው የሚያቅተው።

አሁን ወደ ቤትሽ እንምጣ። የቆርቆሮ ጣሪያ ሬዲዮ ሞገድ አያሳልፍም፣ ዙሪያሽን ደግሞ ቡና፣ ጌሾና ትልልቅ ዛፍ ነው፣ ቅጠል ውሃ ስለሚይዝ ሞገድ ይመጥጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ ይብሳል። ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል ያልሽውን ሰው ሁሉ ዝናቡ ሲግናሉን ከለከለው ይላል፣ ግን የሞባይል ሞገድ በዝናብ ጠብታ ይሄን ያህል አይጎዳም፣ የሚጎዳው የረጠበው ቅጠል ነው፣ ከዚያ ደግሞ ከዝናቡ ጋር መብራት ይጠፋና ታወሩ በባትሪ ቆይቶ ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል። ስለዚ በሚቀጥለው ዝናብ ቁጥሩን እይው፣ ከአምስት እስከ አስር ዲሲቤል ከወረደ ቅጠሉ ነው፣ ከነጭራሹ ኔትወርክ የለም ካለ ታወሩ ጠፍቷል፣ እሱን መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ በነፃ የሚሆነውን ሞክሪ። ራውተሩን ከቤቱ መሃል አውጪና ወደ ሐይቁ በሚያየው መስኮት አድርጊው፣ በየቦታው ሁለት ሁለት ደቂቃ እየጠበቅሽ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፊ። ከዘጌ ወደ ባህር ዳር በውሃው ላይ የሚከልል ነገር የለም፣ ውሃ ላይ ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፣ ስለዚ ቅርብ ነው የምትይው በጫካ የተከለለ ታወር ሳይሆን ከሐይቁ ማዶ ያለው ሊሻልሽ ይችላል። ይሄን ሳትሞክሪ ማወቅ አይቻልም።

በዚህ ካልበቃሽ የውጭ አንቴና ነው መፍትሄው፣ እዚህ ጋ እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። እናትና አባቴ ቤት፣ እነሱም ሐይቁ ዳር ናቸው፣ ጥሩ አንቴና ገዝቼ ረጅም አጠና ላይ ሰቀልኩና 20 ሜትር ቀጭን ገመድ አወረድኩ፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ሁለት ቀን አንቴናውን ሳዞር ዋልኩ። ለካ ያ ቀጭን ገመድ በየሜትሩ ከግማሽ ዲሲቤል በላይ ይበላል፣ 20 ሜትር ሲሆን ከ10 ዲሲቤል በላይ ነው፣ አንቴናው የሰጠኝን ገመዱ መንገድ ላይ ጨረሰው ማለት ነው። በመጨረሻ ያዳነኝ ራውተሩን ራሱን ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ሳጥን አድርጌ አጠናው አጠገብ ጣሪያ ክፈፍ ስር ማስቀመጤ ነው፣ የአንቴናው ገመድ ሁለት ሜትር ሆነ፣ ከዛ ወደ ቤት ያወረድኩት የኔትወርክ ገመድ ነው፣ እሱ እስከ 100 ሜትር ምንም ሳይቀንስ ያደርሳል። ልብ በይ፣ የውጭ አንቴና የሚቀበል 4ጂ ራውተር ብዙ ጊዜ ሁለት የአንቴና ቀዳዳ ነው ያለው፣ ሁለቱንም የሚሞላ አንቴና ካልሆነ ግማሹን ታጪዋለሽ። ሳጥኑ ፀሐይ እንዳይመታው ጥላ ውስጥ አድርጊው። ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ገመዱን ከኮምፒውተርሽ ንቀይ፣ የጣና ዳር መብረቅ ቀልድ የለውም።

መብራት ሲጠፋ እንዳትቸገሪ ደግሞ፣ ብዙው ራውተር 12 ቮልት ነው ሚፈልገው፣ ከ12 ዋት ብዙም አይበልጥም። አንድ ባለ 12 ቮልት 20 አምፒርሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሚ እንኳን ወደ 10 ሰዓት ያቆይሻል፣ ኢንቨርተርም አያስፈልግም፣ ግን አስማሚው ላይ የተጻፈው ቮልቴጅ ከባትሪው ጋር አንድ መሆኑን ሳታዪ አትሰኪው።

ስብሰባሽን በተመለከተ፣ የቡድን ቪዲዮ በሰዓት ከ800 ሜጋ እስከ 2 ጊጋ በላይ ይወስዳል፣ ድምፅ ብቻ ከሆነ 100 ሜጋ አይሞላም። አለቆችሽን ካሜራ አጥፍቼ ልግባ በያቸው፣ ስራሽን ያያሉ፣ ፊትሽን ግዴለም። አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ልንገርሽ። ክልላችን ውስጥ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ታውቂያለሽ፣ እንጀራው በሲም ላይ የነበረ ሰው ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። የሂሳብ ፋይሎችሽን ኮምፒውተርሽ ላይ ቅጂ ያዢ፣ ከድርጅቶቹ ጋርም ዳታ ሲቋረጥ በተራ ስልክ ጥሪ እንድትገናኙ፣ ፋይሉንም በፍላሽ በሰው እንድትልኪ አስቀድመሽ ተስማሚ።

ጥያቄ፦ ጎርጎራ ትንሽ ማረፊያ ቤት አለኝ፣ እድሜዬ ገፋ ብሏል ይሄን ቴክኖሎጂ ልጆቼ ናቸው የጀመሩልኝ። ለወር ተብሎ የገዛሁት ፓኬጅ በአራት ቀን ያልቃል፣ እኛ ቤት ፊልም የሚያይ የለም። ሌላው፣ ግቢው ላይ ያስገጠምኩትን ካሜራ ጎንደር ሆኜ በስልኬ ማየት አልቻልኩም፣ ገጣሚው ኔትወርኩ ነው ብሎ ሄደ።

መልስ፦ አባባ፣ ጊጋውን የበላው ፊልም ላይሆን ይችላል። ስልክ ዋይፋይ ሲያገኝ ነፃ ነው ብሎ ነው ሚያስበው፣ ከጀርባ ያለው ሲም መሆኑን አያውቅም። ስለዚ እንግዳ መጥቶ ፓስወርዱን ባስገባ ቁጥር ስልኩ አፖቹን ያድሳል፣ ፎቶዎቹን ወደ ኢንተርኔት ይልካል፣ ቴሌግራሙ ያልተከፈተውን ቪዲዮ ሁሉ ያወርዳል፣ ኮምፒውተር ከሆነማ አንድ የዊንዶውስ አፕዴት ብቻውን ብዙ ጊጋ ነው። ልጆችዎ ሦስት ነገር ያድርጉልዎ። በቤቱ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ላይ ያን ዋይፋይ ሜተርድ (በጊጋ የሚቆጠር) ብለው ያስቀምጡት፣ ቴሌግራም ላይ በዋይፋይ በራሱ ማውረድን ያጥፉ፣ ለእንግዳ ደግሞ ራውተሩ ላይ የተለየ የእንግዳ ዋይፋይ ከፍተው ፓስወርዱን በየሳምንቱ ይቀይሩ። በራውተሩ ገጽ ላይ ስንት ስልክ እንደተያያዘም ይታያል፣ እዛ የማያውቁት ስም ካገኙ ጎረቤት ሊሆን ይችላል።

ካሜራውን በተመለከተ ገጣሚው ግማሽ እውነት ነው የነገረዎት። የሞባይል ሲም ላይ ብዙ ደንበኛ አንድ የውጭ አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ይጋራል፣ ስለዚ ከጎንደር ቀጥታ ደውሎ ካሜራውን የሚያገኝበት በር የለም። በራሱ አፕ ኪውአር ኮድ ስካን ተደርጎ የሚያያዝ ካሜራ ግን ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ስለሚገናኝ ይሰራል። ቀን ሙሉ ከፍተው አይተዉት ብቻ፣ ቪዲዮው የሚወጣው ከዛው ፓኬጅ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲኖር ብቻ እንዲቀርፅ ያስደርጉት።

ጥያቄ፦ ከደቅ ደሴት ነው የምጽፈው። ባህር ዳር ገበያ ላይ ሲግናል ቡስተር እየተሸጠ ነው፣ ለሰፈሩ ተዋጥተን ብንገዛ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ አትግዙ። ቡስተር ያገኘውን ነው መልሶ የሚጮኸው፣ ጫጫታ ካገኘ ጫጫታውን ያጎላል፣ በደንብ ያልተሰራ ከሆነ ደግሞ ታወሩን ራሱን ይረብሽና የሌላውን ሰፈር ኔትወርክ ያበላሻል። የቴሌኮም እቃ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተፈቀደ መሆን አለበት፣ ገበያ ላይ ማህተም የሌለው ሞልቷል። በተዋጣው ብር አንድ ባለሁለት ገመድ አንቴናና አንድ ራውተር ገዝታችሁ ወደ ታወሩ በሚያየው ዳር ረጅም አጠና ላይ ስቀሉ። ከፍታውን ግን በአንዴ አትወስኑት፣ ውሃው ሞገዱን እንደ መስታወት ስለሚመልሰው ቀጥታ የመጣውና ከውሃው የነጠረው አንዳንድ ከፍታ ላይ ይጋጫሉ፣ ሌላ ከፍታ ላይ ይደጋገፋሉ። ሦስት ሜትር ላይ ለኩ፣ ስድስት ላይ ለኩ፣ ከተቻለም ዘጠኝ ላይ፣ ቁጥሩን ጽፋችሁ በተሻለው እሰሩት። የለካችሁትንም ላኩልን፣ በሚቀጥለው እትም አብረን እናየዋለን።