እውነት እየተናገሩ ማታለል፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ወንድሜ ያገለገለ መኪናውን ሸጠ። ገዥው «ተጋጭቶ ያውቃል?» ሲለው «በየወቅቱ ሰርቪስ ሲደረግለት የኖረ መኪና ነው፤ ወረቀቱም ይኸውልህ» አለው። መኪናው ተጋጭቶ ሻንሲው ተጠግኗል። የሰርቪሱ ነገር ግን እውነት ነው። «አንዲት የሐሰት ቃል ከአፌ አልወጣችም» እያለ ይከራከረኛል። ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም?

መልስ፦ አታሏል። የተጠየቀው ስለ ግጭት፣ የመለሰው ስለ ሰርቪስ ነው። ገዥው «አልተጋጨም ማለት ነው» ብሎ እንደሚሄድ ወንድምዎ ያውቃል፤ ወረቀቱን ያወጣውም ለዚሁ ነው። ጥፋቱን ከቃሉ ውስጥ ከፈለጉት አያገኙትም። ያለው ገዥው እንዲያምን ሆን ተብሎ በተደረገው ነገር ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 በድርድር ላይ የተሠራ ጥናት ይህንኑ በእውነት የማታለል ዘዴ መርምሮ ነበር። አታላዩ የተናገረው ነገር እውነት መሆኑን እያሰበ ራሱን ያቀልላል። የተታለለው ግን የሚያየው የደረሰበትን ነው፤ በተለይ በቀጥታ ጠይቆ ከሆነ ከውሸት ለይቶ አያየውም። ወንድምዎና ገዥው አንድ ቀን ቢገናኙ የማይግባቡት በዚህ ነው።

ባይጠየቅስ ኖሮ? የተቀደደ ወንበር ገዥው ራሱ ስለሚያየው ዝም ቢል አያስወቅሰውም። በቀለም የተሸፈነ የሻንሲ ጥገና ግን ከውጭ አይታይም፤ አደጋውም የሰው ሕይወት ነው። እሱን ሳይጠየቅም መናገር አለበት።

ገዥ ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ምክር። ሁለት ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር አትጠይቁ። «ተጋጭቶ ወይም ሞተሩ ወርዶ ያውቃል?» ካላችሁ ሻጩ የሚመቸውን ግማሽ መርጦ «ሞተሩ ተነክቶ አያውቅም» ይላችኋል። ለየብቻ ጠይቁ። መልሱ ወደ ሌላ ጉዳይ ከሄደ ያንኑ ጥያቄ ቃሉን ሳትቀይሩ ድገሙት። አሁንም ዙሪያ ጥምጥም ከሆነ «እንግዲያው ግጭት እንደሌለበት ውሉ ላይ እንጻፈው» በሉ። በአፉ የሚያድበሰብስ ሰው ፊርማው ላይ ሲደርስ ያመነታል።

ጥያቄ፦ ሠራተኛ ስቀጥር ዓይኑን የሚሰብረውን አላምንም። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ ከ24,000 በላይ ገማቾች የተሳተፉባቸውን ሙከራዎች ያጠቃለለ ጥናት አለ። ሰዎች ተናጋሪውን አይተውና ሰምተው ብቻ ሲፈርዱ ትክክል የሆኑት 54 በመቶ ያህል ነው። ሳንቲም ቢወረውሩም 50 ያገኛሉ። ዓይናፋሩም የተጨነቀውም ዓይኑን ይሰብራል፤ ውሸት የለመደው ግን ትክ ብሎ ያይዎታል። ይልቅ የመጨረሻ ሥራውን ከለቀቀበት ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ እንዲተርክልዎ ያድርጉ፤ ተዘጋጅቶ ያልመጣባቸውን ጥቃቅን ነገሮች ይጠይቁት። በእጅዎ ያለውን ማስረጃ ተናግሮ ሳይጨርስ አያሳዩት። ከዚያ የቀድሞ አሠሪው ጋ ይደውሉ። ቀን መሳሳት ብቻውን ውሸት እንዳልሆነም አይርሱ፤ ሰው ይረሳል።

ጥያቄ፦ እናታችን ካንሰር እንዳለባት ሐኪሙ ለእኛ ለልጆቿ ነገረን። እኛ «ጨጓራ ነው» አልናት። ለእሷው ብለን ያደረግነው ነው። በደል ይሆን?

መልስ፦ ፈላስፋው ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ወዳጅህን ሊገድል የመጣ ሰው «የት ተደበቀ?» ብሎ ቢጠይቅህ ለእሱም ቢሆን አትዋሽ ብሏል። እስከዚያ ድረስ አብሮት የሚሄድ ጥቂት ነው፤ እኛም አንሄድም። ነገር ግን የእናንተ ጉዳይ ከዚያ ጋር አይመሳሰልም። ገዳዩ እውነቱ አይገባውም፤ እናትዎ ግን የሕመሙ ባለቤት ናቸው።

እንዲህ ዓይነቱ ውሸት የሚጋለጠው ብዙውን ጊዜ በሕክምናው ነው። ጨጓራ የተባለ ሰው ጸጉሩ ሲረግፍ ይጠይቃል። ያኔ እምነታቸው የሚጠፋው በእናንተ ብቻ አይደለም፤ በሐኪሙና በመድኃኒቱም ጭምር ነው። መናዘዝ፣ መታረቅ፣ ንብረት ማስተካከል የሚፈልጉበት ጊዜም ሳያውቁት ያልፍባቸዋል። በተቃራኒው፣ ሳይጠይቁ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ መዘርገፍም ጭካኔ ነው።

ሐኪሞች ለክፉ ዜና የሚጠቀሙበት እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ባለ ስድስት ደረጃ ዘዴ አለ። ለእናንተ የሚጠቅመው ቅደም ተከተሉ ነው። ስልክ ተዘግቶ፣ ሰው የማይገባበት ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። አስቀድማችሁ «ሕመምሽ ምን ይመስልሻል?» በሏት፤ ብዙ ጊዜ በሽተኛው ጠርጥሯል። ቀጥሎ «ሐኪሙ ያገኘውን ሁሉ ማወቅ ትፈልጊያለሽ ወይስ ለእኛ ይንገረን?» ብላችሁ ጠይቁ። «ለእናንተ ይንገራችሁ» ካለች ውሳኔው የእሷ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝም ብትሉ አታለላችሁ አይባልም። ማወቅ ከፈለገች ሐኪሙ ባለበት ይነገራት፤ የበሽታው ስም አንድ ጊዜ በግልጽ ይጠራና ይቆም። እስክትናገር ጠብቁ። አልቅሳ ከሆነ ስለ ሕክምናው ማብራራት ለሌላ ሰዓት ይደር፤ ያኔ የሚነገረው አይሰማም።

ጨጓራውን «ሐኪሙ ተሳስቶ ነበር» በሚል ሁለተኛ ውሸት አትሸፍኑት። «እማዬ፣ ፈርተን ነው የደበቅንሽ» ይበቃል።

ጥያቄ፦ «ሰው ሁሉ የማይታይ ከሆነ ሌባ ነው» ይላል ባልደረባዬ። ምን ልመልስለት?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመውን የቦርሳ ሙከራ ይንገሩት። በ40 አገሮች ከ17,000 በላይ ቦርሳዎች «ወድቆ አገኘነው» ተብለው ለባንክ፣ ለሆቴልና ለመሳሰሉት ሠራተኞች ተሰጡ። ሠራተኞቹ ቦርሳውን ለመመለስ ባለቤቱን ያነጋገሩት ገንዘብ ከሌለባቸው ቦርሳዎች በ40 በመቶው፣ ገንዘብ ካለባቸው ደግሞ በ51 በመቶው ነው። ገንዘቡ ሲጨምር ሐቀኝነቱም ጨመረ፤ ራስን «ሌባ» ብሎ ማየት ከባድ ነውና። እርግጥ ቦርሳውን የተቀበሉት ሥራ ቦታቸው ላይ ነው፤ ጨለማ መንገድ ላይ ቢያገኙት ምን ያደርጉ እንደነበር ሙከራው አይነግረንም።

በዚህ መስክ የሚወራውን ሁሉ ግን አይመኑ። «ቅጽ ላይ ፊርማ ከላይ ከሆነ ሰው አይዋሽም» የሚለው ዝነኛ የእ.ኤ.አ. 2012 ጥናት፣ የአንዱ ሙከራ መረጃ የተፈበረከ ሆኖ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ከመጽሔቱ ተሰርዟል። ስለ ሐቀኝነት የተጻፈ ጥናት ነው እንግዲህ!

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ «ማዳም ቦቫሪ» የተባለውን የፈረንሳይ ልብ ወለድ እያነበበች ነው። ሚስቲቱ ባሏን ትከዳለች፤ ደራሲው ግን አይወቅሳትም። ክፋት ማስተማር አይደለም? ደግሞስ ልብ ወለድ ራሱ ውሸት አይደል?

መልስ፦ ከኋለኛው እንጀምር። ሽፋኑ ላይ «ልብ ወለድ» የሚል መጽሐፍ ማንንም አያሳምንም፤ ስለዚህ አያታልልም። «የሕይወት ታሪኬ» ብሎ ያልሆነውን የሚጽፍ ግን ይዋሻል።

የመጀመሪያውን ጥያቄዎን የፈረንሳይ ዐቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1857 ፍርድ ቤት ይዞት ቀርቦ ነበር። ካስቆጡት ቦታዎች አንዱ ሚስቲቱ ኤማ ከውሽማዋ ተመልሳ መስታወት ፊት ቆማ «ውሽማ አለኝ!» እያለች የምትደሰትበት ነው። ዝሙትን ማሞገስ ነው አለ። ፍርድ ቤቱ መጽሐፉን ነቅፎ ደራሲውን ፍሎቤርን በነፃ አሰናበተው።

ችግሩ የአጻጻፉ ስልት ነው። ፍሎቤር ብዙ ጊዜ «ብላ አሰበች» ሳይል ወደ ኤማ ሐሳብ ይገባል፤ ስለዚህ የእሷ ሕልም የእሱ ቃል ይመስላል። ልጅዎ አጠራጣሪ ዓረፍተ ነገር ሲገጥማት መጨረሻው ላይ «ብላ አሰበች» ጨምራ ታንብበው። ከገጠመ ሐሳቡ የኤማ ነው፤ ደራሲው አልፈረመበትም።

አይወቅስም ያሉትም ልክ አይደለም፤ ስድብ አይወረውርም እንጂ። ኤማ ለባሏ ፒያኖ እማራለሁ ብላ ከውሽማዋ ጋ ትሄዳለች። ባሏ አስተማሪዋን አግኝቶ «አላውቃትም» ስትለው፣ ኤማ የሐሰት የክፍያ ደረሰኝ ታዘጋጃለች፤ ባሏም ጫማው ውስጥ ያገኘዋል። ተራኪው ከዚያ ወዲያ ሕይወቷ የውሸት ክምችት ብቻ እንደ ሆነ ይናገራል። ቀጥሎ ዕዳው፣ የ8,000 ፍራንክ እግድ፣ ራሷን የምታጠፋበት መርዝ አርሰኒኩ ይመጣል።

ተራኪው ራሱ የሚዋሽባቸው መጻሕፍትም አሉ፤ ሃያሲው ዌይን ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1961 «የማይታመን ተራኪ» ያለው ነው። ምልክቱ ማንም ሳይከሰው ማስተባበሉ፣ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ለያይቶ መተረኩ፣ የሌሎች ገጸ ባሕርያት ሁኔታ ከትረካው አለመግጠሙ ነው። ይህን አዲስ የተማረ አንባቢ ሁሉንም ተራኪ መጠርጠር ይቀናዋል። ቢያንስ ሁለት ማስረጃ ከመጽሐፉ ሳታመጣ «ዋሸ» እንዳትል ይንገሯት።

መጽሐፉን አይንጠቋት። «ኤማ መጀመሪያ የዋሸችው መቼ ነው? ማንን?» ብለው ይጠይቋት። መልሷ ከእርስዎ ከተለየ ከማረምዎ በፊት የገጹን ቁጥር ይጠይቋት።