የሞተር ፕላስቲክ ብሎን በርካሽ ከየት ይገኛል? ጥያቄና መልስ

የሞተር ሳይክላችን ፕላስቲክ፣ ማለትም የውጭ ሽፋኑ፣ ብሎን ሲጥል ሁላችንም የምንሮጠው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ነው። እዚያ ደግሞ “ብቻውን የለም” ይሉናል። ከደሴና ከኮምቦልቻ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ መልሻለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የፊት መብራቱን የሚያቅፈው ፕላስቲክ ሁለት ብሎን ጥሏል። ሱቅ ብሄድ ሙሉ ሴቱን ካልገዛህ አሉኝ። ዋጋውን ስሰማ ሞተሩን ልሸጠው አማረኝ። ሌላ መንገድ የለም? (ከሆጤ)

መልስ፦ አብሽር፣ አለ። ብሎኑ ላይ የሞተሩ ስም አልተጻፈበትም። የህንዱም ሆነ የቻይናው፣ የጃፓኑም ጭምር፣ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ፕላስቲክ የሚይዙት ብሎኖች አብዛኞቹ ኤም 6 ወይም ኤም 5 ናቸው። ጥርስ ያለበት ግንዱ ውፍረት 6 ወይም 5 ሚሊ ማለት ነው። በ10 ቁልፍ የሚፈታው ብዙ ጊዜ ኤም 6 ነው፣ በ8 የሚፈታው ኤም 5። ግን በብሎኑ ራስ መጠን ብቻ አትፍረድ። በ8 ቁልፍ የሚፈታ ኤም 6ም አለ።

ያልወደቀውን ጓደኛውን ፍታና ይዘኸው ሂድ። የምትሄደው ግን ወደ ሞተር መለዋወጫ አይደለም። ብሎን፣ ዳዶ (ብሎኑ የሚታሰርበት ባለ ጥርስ ብረት) እና ሮንዴላ (ከብሎኑ ራስ ሥር የሚገባ ክብ ቆርቆሮ) ወደሚሸጥ የሕንፃ መሳሪያ ሱቅ ነው። እዚያ በፍሬ ይሰጡሃል። ርዝመቱን ከራሱ ሥር እስከ ጫፉ ለካ። በጣም የረዘመ ብሎን ከጀርባ ያለውን ሽቦ ሊበሳ ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በል። እነዚህ ሱቆች የኢንች ብሎንም አላቸው። የሩብ ኢንቹ ውፍረት 6.35 ሚሊ ስለሆነ በዓይን ከኤም 6 አይለይም። ሁለት ዙር ይገባልህና ይነክሳል። በቁልፍ ከገፋኸው የሻሲውን (የሞተሩን አጽም) ጥርስ ይበላዋል። ለመለየት ጥርሱን በማስመሪያ ቁጠር። የተለመደው ኤም 6 በ10 ሚሊ ውስጥ 10 ጥርስ አለው። ኤም 5 ደግሞ በ8 ሚሊ ውስጥ 10 ጥርስ። መቁጠር ከሰለቸህ ይዘኸው ለሄድከው ብሎን የሚሆን ዳዶ ጠይቅና አዲሱን እዚያው በእጅህ አስገባው። በጣት እስከ መጨረሻው ካልሄደ ያንተ አይደለም።

ጥያቄ፦ አዲስ ብሎን አስገባሁ፣ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ፕላስቲኩ ግን ብሎኑ ዙሪያ ተሰነጠቀ። ብሎኑ ጥራት የለውም? (ከሸዋ በር)

መልስ፦ ብሎኑ ምንም አላጠፋም። የጠፋብህ ሌላ ነው። ፋብሪካው ሲገጥመው ቀዳዳው ውስጥ አንድ ጎማ ነበረ። በጎማው መሃል ደግሞ አጭር የብረት ቱቦ፣ መካኒኮች ቦኮላ የሚሉት። ብሎኑ የሚያጠብቀው ያን ብረት ነው። ፕላስቲኩ በጎማው ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል፣ ንዝረቱም ጎማው ላይ ያልቃል። ብሎን ሲወድቅ እነዚህ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ። እኛ የምንተካው ግን ብሎኑን ብቻ ነው። ያኔ ብሎኑ ፕላስቲኩን ራሱን ይጨፈልቀዋል። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር እንዴት እንደሚንዘፈዘፍ ታውቃለህ። የቀረውን መንገዱ ይጨርሰዋል።

ቦኮላውን ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀርጹበት) ያወጡልሃል። ወይም ኤም 6 የሚያሳልፍ ቀጭን የብረት ቱቦ ፈልገህ በመጋዝ ቁረጥ። ርዝመቱ ከፕላስቲኩና ከጎማው ውፍረት ትንሽ ብቻ ይነስ። ያኔ ጎማው በልኩ ይጨመቃል፣ ፕላስቲኩም አይታነቅም። ለጎማው ካረጀ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ክብ ክብ እየቆረጥክ ደራርብ። ከላይ ሰፋ ያለ ሮንዴላ አድርግ። አላምርም ካለህ ጥቁር ቀባው። እኔ ግን ከኦሪጅናሉ ይህን እመርጣለሁ፣ ሲያረጅ ደግሜ እቆርጣለኋ።

ጥያቄ፦ የኔ ሞተር ብሎን ሳይሆን ጥቁር የፕላስቲክ ቁልፍ ነው ያለው፣ መሃሉን ተጭነሽ የምታስገቢው ዓይነት። ሁለቱ ተሰብረዋል። (ከፒያሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ የመኪና ዕቃ ሱቅ ሂጂ። ለመኪና መከላከያና ለጭቃ መከላከያ የሚሸጡት ክሊፖች አብዛኞቹ አሠራራቸው ያው ነው። መጠኑን በቀዳዳው እወቂ። የትራፓኖ ፑንታ (የመብሻ ማሽን ጫፍ) አስገብተሽ ሞክሪ፣ በትክክል የሚገባው ቁጥሩን ይነግርሻል። ብዙ ጊዜ 6 ወይም 8 ሚሊ ነው። እንዳይሰበርብሽ ደግሞ አፈታቱን አስቀድመሽ እይ። አንዳንዱ መሃሉን ወደ ውስጥ በመጫን ይለቃል፣ አንዳንዱ መሃሉን ወደ ውጭ በመሳብ። በካቻቪቴ መፈልቀቅ ነው የሚሰብረው። የደሴ ጠዋት ብርድ ላይም አትንኪው፣ ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። ፀሐይ ሲያገኘው ፍቺው።

ጥያቄ፦ የማይዝገውን ብሎን ልግዛ?

መልስ፦ ለፕላስቲክ ጥሩ ነው። ክረምቱን ይችላል። የሚገባበት አካል አልሙኒየም ከሆነ ግን ጥርሱን ትንሽ ግሪስ ቀባው። ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኙ አልሙኒየሙ ይበላል፣ ብሎኑም አልፈታም ይላል። ከዚያ የተረፈችህን ብሎን ፍሬን ላይ እንዳትገጥም። የፍሬንና የጎማ ብሎን የራሱ ጥንካሬ አለው። እዚያ ላይ ርካሽ አይፈለግም።

ጥያቄ፦ እንዳይፈታ ሎክታይት (የብሎን ጥርስ የሚያጣብቀውን ፈሳሽ) ላድርግበት?

መልስ፦ ፕላስቲክ አጠገብ አይሆንም። ፈሳሹ ብዙዎቹን የሞተር ፕላስቲኮች ይሰነጥቃል። ውስጡ ናይለን ያለውን ዳዶ ተጠቀም።

ጥያቄ፦ ብሎኑ የሚታሰርበት ከጀርባ ያለው ዳዶ አብሮ ይዞራል። እጅ አይገባም። ምን ይሻላል? (ከቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ ዓይነቱን ለይ። እንደ ዩ የታጠፈ ቆርቆሮ ከሆነ ልሙጥ ሆኗልና ቀይረው፣ ይሄም ከመኪና ዕቃ ሱቅ ይገኛል። ጎማ የለበሰ ዳዶ ከሆነ፣ የፊት ነፋስ መከላከያው መስታወት ላይ እንዳለው ዓይነት፣ ፕላስቲኩን ከውጭ ወደ ራስህ እየሳብክ ፍታው። ጎማው ሲወጠር ዳዶውን ይይዝልሃል። ፕላስቲኩ ውስጥ የተቀበረ ነሐስ ከሆነ ግን ሥራው መካኒክ ዘንድ ነው፣ አትታገለው።

ጥያቄ፦ በሽቦ ባስረውስ?

መልስ፦ ቤት እስክትደርስ። ሽቦ ፕላስቲኩን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። የፕላስቲክ ማሰሪያ ይሻላል፣ እሱም ለሳምንት እንጂ ለዓመት አይደለም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነኝ። ለዚህ ብዬ ደሴ ልውጣ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ለብሎን አትውጣ። ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነው፣ ብሎንም ቶርኖም አጠገብህ ነው። ፕላስቲኩ ራሱ ከተሰበረ ግን መጀመሪያ ፎቶ ልከህ ጠይቅ፣ ከዚያ ውጣ። ብሎን በፎቶ ስታስፈልግ ከማስመሪያ ጎን አስቀምጠህ አንሳው፣ ከላይም ከጎንም። ስትገጥም ደግሞ ሁሉንም በጣት ሳታስጀምር አንዱንም አታጥብቅ። አንዱን ቀድመህ ካጠበቅክ የሌላው ቀዳዳ ይዛነፋል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት አንዴ ወጥተህ ስትወርድ ቆመህ በእጅህ ነካ ነካ አድርጋቸው፤ የላላ ካለ ያኔ ይታወቃል።