በሞላ ስለሚሠሩት የምስማር መቅበሪያና የማጠፊያ ፒን ማውጫ፦ ለደሴው ጠያቂያችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ ደሴ ላይ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍተሃል፣ አክስትህ ከጅዳ ልትመጣ ነው፣ በቪዲዮ ያየኸውን ያለ መዶሻ ምስማር የሚቀብር ባለ ሞላ መሣሪያና የበር ማጠፊያ ፒን የሚያወጣውን ወንድሙን ሁለቱንም ታምጣልኝ ወይ? ከእኔ በፊት ከመለሱልህ መካከል ግማሹ «መዶሻ ላለው ሰው ቅንጦት ነው» ሲል ግማሹ «ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» ብሏል። ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል እየተመላለስኩ በር፣ መስኮትና ቁም ሣጥን እሠራለሁ፤ ሁለቱም መሣሪያዎች አሉኝ። አንደኛውን ሳልይዝ ወደ ሥራ አልወጣም፤ ሁለተኛውን ከዕቃ ሣጥን የማወጣው በአብዛኛው ዝገት እንዳይበላው ዘይት ልቀባው ነው።

መሣሪያው ምሥጢር የለውም። ሁለት አጫጭር የብረት ዘንጎች በአንድ ጠንካራ ሞላ ተያይዘዋል። የፊተኛውን ቀጭን ጫፍ ምስማሩ ራስ ላይ ታሳርፋለህ፣ በአንድ እጅህ አጥብቀህ ትይዛለህ፣ በሌላው የኋለኛውን ዘንግ ስበህ ትለቃለህ። ሞላው ሲሰበሰብ የኋለኛው ዘንግ የፊተኛውን ይመታዋል፣ ምቱም በቀጥታ ወደ ምስማሩ ያልፋል። ብዙ ከሳብክ ይበረታል፣ ጥቂት ከሳብክ ይለዝባል። እንደ ወንጭፍ እስከ ጆሮህ ድረስ አትሳበው ግን። ከልክ በላይ የተሳበ ሞላ ተመልሶ አይገጥምም፤ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ክፍተት ይቀርና ምቱ ይደክማል። ጣትህንም ከሞላው ቀለበቶች ላይ አርቅ። ሲቆነጥጥ ርኅራኄ የለውም።

ጥቅሙ የጉልበት አይደለም። በጉልበት መዶሻ ይበልጠዋል። ጥቅሙ መወንጨፊያ ቦታ አለመፈለጉና ከታለመለት ነጥብ አለመውጣቱ ነው። የመስኮት መስታወት የሚይዘውን ቀጭን የእንጨት ክፈፍ ስትመታ መዶሻው ከመስታወቱ በጣት ውፍረት ርቀት ላይ ይመላለሳል፤ እዚያ ቦታ ላይ እጁ የማይንቀጠቀጥ አናጢ አላየሁም። በዚህ መሣሪያ ግን ጫፉ ምስማሩ ላይ ተቀምጦ ስለሚመታ የሚስት ነገር የለም። የቁም ሣጥን ውስጠኛ ማዕዘን፣ የዞኮሎ (በግድግዳው ግርጌ የሚሄደው ጠርዝ) መገናኛ፣ ቫርኒሽ የተቀባ መቃን፣ ሁሉም እንዲሁ ነው። ዋንዛ ላይ የመዶሻ ጠባሳ አንዴ ከወጣ በብርጭቆ ወረቀት ብትፈትገው እንኳ ቫርኒሽ ሲነካው ጨረቃ መስሎ ብቅ ይላል።

ማንም ያላነሳው ሌላም ጥቅም አለ። ደሴ ውስጥ የምንሠራባቸው የድሮ ቤቶች ብዙዎቹ የእንጨትና የጭቃ ናቸው። መቃኑን በመዶሻ በደበደብክ ቁጥር ግድግዳው ይነቀነቃል፣ ልስኑ ከመቃኑ ዳር ይሰነጠቃል፣ ከዚያ የቤቱ ባለቤት «በር ልታስተካክል መጥተህ ቤቴን አፈረስከው» ይልሃል። የሞላው ምት አጭርና ፈጣን ስለሆነ አብዛኛው እዚያው ምስማሩ ላይ ያልቃል። ለእኔ የመሣሪያው ዋጋ የተመለሰው በዚህ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ገደቡ። ይህ መሣሪያ ምስማር አይመታም፣ ይቀብራል። ምስማሩን በመዶሻ ሁለት ሚሊሜትር ያህል እስኪቀረው ታስገባለህ፣ የቀረውን በሞላው ከእንጨቱ ገጽ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ዝቅ ታደርጋለህ፣ ጉድጓዱን በስቱኮ ትሞላለህ። ከዚያ በላይ ጥልቀት ስቱኮ ያባክናል እንጂ አይጠቅምም። ምስማሩም ራሰ ትንሹ፣ ለማጠናቀቂያ የሚሆነው መሆን አለበት። ሰፊ ጠፍጣፋ ራስ ያለውን ተራ ምስማር ልቅበር ብትል እንጨቱን ዙሪያውን ትቀጠቅጠዋለህ።

እንጨቱም ይለያያል። ዋንዛ ይታዘዛል። ጥድ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ከጫፉ አጠገብ ከሆንክ ከምስማሩ በቀጠነ መሰርሰሪያ በስተህ ጀምር። ደረቅ ባሕር ዛፍ ላይ ሳትበሳ ሞላውን ብትለቅ ብትለቅ እጅህ ይዝላል፤ ምስማሩን ደረቅ ሳሙና ወይም ሻማ ቀባው፣ ልዩነቱን ታየዋለህ። ወይራ ላይ ግን ሙከራውንም ተወው።

የማጠፊያውን ፒን ማውጫ በተመለከተ ከመግዛትህ በፊት የደንበኞችህን በር ዞረህ እይ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደሴ ውስጥ የእንጨት በር እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና ከመቃኑ ጋር ይጣላል፤ ጠርዙን ለመላግ በሩን ማውረድ የግድ ነው። ስለዚህ ፒን ማውጫ ያስፈልገኛል ማለትህ ከባዶ አልተነሣም። ችግሩ ግን ፒኑ የሚወጣው ማጠፊያ እዚህ ምን ያህል አለ የሚለው ነው።

የብረት በር ከሆነ ማጠፊያው በብየዳ የተያዘ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ቱቦ የታችኛው ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል። የሚመታ ፒን የለም። በሩን ገልጣችሁ ለሁለት ሽቅብ ታነሡታላችሁ፣ አለቀ። የእንጨት በር ከሆነ ደግሞ የማጠፊያውን የታችኛ ጫፍ በስልክህ መብራት እየው። ከላይ የፒኑ ራስ ጎልቶ፣ ከታች ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ ካየህ ፒኑ ይወጣል፤ ከታች ገፍተህ ወደ ላይ ታስወጣዋለህ። ሁለቱም ጫፎች ተቀጥቅጠው የተዘጉ ከሆኑ ግን ፒኑ እንዲወጣ ተብሎ አልተሠራም፤ ካቻቢቴህን አንሣና ብሎኖቹን ፍታ። እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉት ናቸው። ወደ ውጭ በሚከፈት በር ላይ ፒኑ ለአላፊ አግዳሚው ስለሚጋለጥ የማይወጣ ፒን መኖሩ ተገቢ ነው። ፒኑ ከወጣ ሌባ ቁልፉን ምን ሊያደርግለት?

የሚወጣ ፒን ካጋጠመህ ግን ሥራው ደስ ይላል። በሩን ዝጋ፣ ከሥሩ ሽብልቅ አስገባና ክብደቱን አሳርፍ። መጀመሪያ የታችኛውን ፒን አውጣ፣ ቀጥሎ የመካከለኛውን፣ የላይኛውን በመጨረሻ። ይህ ቅደም ተከተል አይገለበጥም፤ የላይኛውን ቀድመህ ካወጣህ በሩ ከላይ ይዘምና የታችኛውን ማጠፊያ ያጣምማል፣ ከባድ ሳንቃ ከሆነ ደግሞ አንተው ላይ ይመጣል። ስትመልሰው በተቃራኒው፣ ከላይ ጀምር። ፒኑን ከመመለስህ በፊት ጠርገህ በቀጭኑ ግራሶ ቀባው።

ፒኑ ዝገት ከገባበት የማውጫው ሞላ አያሸንፈውም። ማታ ላምባ ጠብ አድርግበትና አሳድረው፣ ጠዋት ሞክረው። ከጥቂት ምት በኋላ ካልተነቃነቀ መሣሪያህን አታድክም፤ ከፒኑ ቀጠን ያለ የብረት ዘንግና መዶሻ ይሻላል። ወይም ብሎኖቹን ፍታ። ያረጀ ማጠፊያን ለማዳን ግማሽ ቀን የሚያጠፋ አናጢ ለባለቤቱም ለራሱም አይጠቅምም።

አንድ ነገር በመካከል ልበል። ደሴ ላይ ለክረምት ብለህ በጣም የላግከው በር በበጋ ሰፊ ክፍተት ያሳይሃል። ደሴ ሠርተህ የሐረጎን ቁልቁለት አውርደህ ኮምቦልቻ የምትገጥመው በር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናቸው፣ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት አየሩ ይቀየራል። በኮምቦልቻ ሙቀት እንጨቱ ይኮማተራል። ስለዚህ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደውን በር ጠበቅ አድርገህ ሥራው፣ ደንበኛው መጀመሪያ ቢያጉረመርም አብሽር በለው።

ያልጠየቅከኝን ልጨምር፤ በእኔ ግምት ከፒን ማውጫው ይልቅ የሚጠቅምህ እርሱ ነው። ሞላው ከውስጥ የተደበቀ፣ ስትጫነው ራሱ «ጣ» ብሎ የሚመታ የነጥብ መምቻ አለ። ቁልቁል ስትጫነው ሞላው ይታመቃል፣ መጨረሻ ላይ መያዣው ይለቅና ውስጡ ያለው መዶሻ ጫፉን ይመታዋል። ራሱን በማዞር ምቱን ማበርታትና ማለዘብ ይቻላል። ለማጠፊያ ብሎን ቀዳዳ ስትበሳ መሰርሰሪያው እንዳይንሸራተት ነጥቡን በአንድ እጅ ታኖራለህ፣ በሌላው ማጠፊያውን ትይዛለህ። ብረት በር ላይ ቁልፍ ስትገጥም ደግሞ ያለ እርሱ መሰርሰሪያው በብረቱ ላይ ይጨፍራል። ከተማችን የብረት በር ከተማ ሆናለች፤ የሚያዋጣህን ከዚያ አስላ። አንድ ጥንቃቄ፦ በመኪና የጎን መስታወት ወይም በሻወር ቤት መስታወት አጠገብ አትጫወትበት። እንዲህ ያለ በሙቀት የጠነከረ መስታወት በዚህ ጫፍ ከተነካ ሙሉ በሙሉ ይረግፋል፤ የአደጋ ጊዜ መስኮት መስበሪያዎች የሚሠሩትም በዚሁ ዘዴ ነው። በሦስቱም መሣሪያዎች ስትሠራ የዓይን መከላከያ መነጽር አድርግ፤ የሚፈናጠር የብረት ፍንካች ትንሽ ነው ብለህ አትናቀው።

ገንዘቡ ካልበቃህ ለምስማር መቅበር ቶርኖ ቤት ሄደህ በመዶሻ የሚመታ ቀጭን ዘንግ ከጠንካራ ብረት ማስቀረጽ ትችላለህ። ጫፉን በእሳት አጠንክረው እንዲሰጡህ ንገራቸው፤ ያልጠነከረ ጫፍ ሳይቆይ ይደፈጠጣል። የተገዛውንም በሞረድ ፈትሸው፦ ሞረዱ ከጫፉ ላይ ቢንሸራተት ጠንካራ ነው፣ ቢነክሰው ለስላሳ ብረት ነው፣ ለሻጩ መልስለት።

ለአክስትህ እንዲህ ብለህ ጻፍላት፦ ባለ ሞላ የምስማር መቅበሪያ፣ በአንዱ ጫፍ 1/32 በሌላው 2/32 ኢንች የሆነ፤ ማለትም 0.8 እና 1.6 ሚሊሜትር ገደማ። ጫፉ ከምስማሩ ራስ ትንሽ ይጥበብ፣ መካከሉ ጎድጎድ ያለ ቢሆን ደግሞ አይንሸራተትም። ቀጥሎ ተጭነው የሚመታውን የነጥብ መምቻ። ፒን ማውጫውን የደንበኞችህን በሮች ካየህ በኋላ ወስን። ብረት ነውና በእጅ ሻንጣዋ እንዳትይዘው፣ ፍተሻ ላይ ሊወስዱባት ይችላሉ፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልላ ታስገባው።