አንቲቫይረሱ ይጥፋ ወይስ ይቆይ?

የእህታችን ጥያቄ ይኼ ነው። አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ላፕቶፗን ፎርማት ካደረገላት በኋላ ሁለት አንቲቫይረስ ጫነላት። ከአሜሪካ የመጣው ወንድሟ ግን አይቶ ሳቀ፤ «እዚያ ይህን የሚያደርግ የለም፣ ሁለቱንም አጥፊያቸው» አላት። ማንን ልመን ትላለች።

እኔ አዲስ አበባ ጥገና ሠርቻለሁ፣ ደቡብ ኮሪያ ተምሬአለሁ፣ አሁን አሜሪካ ነኝ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ያኔ ሱቅ ውስጥ ስሠራ ጠላታችን ኢንተርኔት ሳይሆን ፍላሽ ነበር። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም ኮፒ ቤት ይሄዳል። ፍላሹን እዚያ ሰክቶ ሲመለስ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ይጠብቀዋል። ፊቱ አመድ መስሎ ይመጣል። ፋይሉ ግን አልጠፋም፤ ቫይረሱ ደብቆት ነው። ጥቁሯን መስኮት ከፍቼ «አትሪብ» የምትለዋን ትእዛዝ ስጽፍ ፎልደሮቹ ብቅ ብቅ ይላሉ። ልጁ ሊስመኝ ምንም አይቀረው። እንዲህ የደነገጠን ሰው «አንድ አንቲቫይረስ ይበቃሃል» ብትይው አይሰማሽም። ስማዳቭ የሚባለው የኢንዶኔዥያ ፕሮግራምም እኛ ዘንድ የተወደደው ለዚህ ይመስለኛል። ትንሽ ነው፣ ፍላሽ ላይ ያተኩራል፣ ከሌላ አንቲቫይረስ ጎን እንዲሠራ ታስቦ ነው የተሠራው። አፕዴቱን ደግሞ አንድ ቦታ አውርደን ለደንበኛ እናዞር ነበር። በምን? በፍላሽ!

ጉዱ ያለው ክራኩ ላይ፣ ማለትም የሚከፈልበትን ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ለመጠቀም ቁልፉ የተሰበረው ቅጂ ላይ ነው። የክራኩ መመሪያ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። ዘበኛውን ሻይ ጠጣ ብሎ ልኮ በሩን መክፈት ማለት ነው። እኔም አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም። ደንበኛው ለፎርማት ይከፍላል፤ ለሶፍትዌር ክፈል ስትይው ግን ይገርመዋል።

ኮሪያ ስሄድ ነገሩ ተገለበጠብኝ። እዚያ ጫን የሚልሽ ባንኩ ራሱ ነው። ገና ገጹን ስከፍት አንዱ የኪቦርድ መጠበቂያ፣ አንዱ ፋየርዎል፣ ሌላው ደግሞ የእነዚህ ሁሉ አስጫኝ እያለ ተደረደረብኝ። መነሻው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ጠንካራ ምስጠራ (መረጃን ሌላ ሰው እንዳያነበው መቆለፊያ ዘዴ) ወደ ውጭ እንዳይወጣ ትገድብ ስለነበር፣ ኮሪያውያን ሲድ የተባለ የራሳቸውን ሠሩ። ብሮውዘሮች ስለማያውቁት አክቲቭኤክስ በሚባለው፣ ብሮውዘር ላይ ተጨማሪ ፕሮግራም በሚያስገባው የማይክሮሶፍት ዘዴ በኩል መጫን ግድ ሆነ። ሕዝቡም «እሺ» የሚለውን ሳያነብ መጫን ለመደ። የዶርም ጓደኛዬ ምን እንደሚጭን ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጠላፊዎች በዚያው አስጫኝ ፕሮግራም በኩል ቫይረስ ሲያስገቡ ተደርሶባቸዋል።

አሜሪካ ብዙ የሚወራ የለም። ላፕቶፑ የሙከራ አንቲቫይረስ ተጭኖበት ይመጣል፣ ጊዜው ሲያልቅ ክፈል ይላል። አክስቴ አንድም ቀን ላልከፈተችው ፕሮግራም በየዓመቱ ከካርዷ ሲቆረጥባት ኖራለች። ሌላው ሰው ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ዲፌንደር ይኖራል።

ስለዚህ ወንድምሽ ግማሽ ልክ ነው። ዊንዶውስ 11 ከሆነ ዲፌንደር ይበቃሻል። ግን ሌላ አንቲቫይረስ ሲያይ ዞር ይልለታል፤ ያ ሌላው ክራክ ከሆነና አፕዴት ካላደረገ ቤትሽን የሚጠብቀው የተኛ ዘበኛ ነው። በክራክ የገባውን አጥፊው። ከዚያ ዲፌንደር መብራቱን፣ አፕዴትም መውሰዱን አይተሽ አረጋግጪ። ስማዳቭን ግን ኮፒ ቤት የምትመላለሺ ከሆነ ብትተዪው አልቃወምም። ፍላሽ ስትሰኪም ከመክፈትሽ በፊት በቀኝ ክሊክ ስካን አድርጊው። ባለሙያውንም አትቀየሚው፣ እኔም እሱን ነበርኩ።